ስለ ማሕፀን በር ካንሰርና ስለሚባክነው ጊዜ

በሰው ልጅ ላይ ከሚመጡት ደዌዎች አንዳንዶቹ እንደ መብረቅ ድንገት የሚወድቁ፣ ለሐኪሙም ለታማሚውም ፋታ የማይሰጡ ናቸው። አንዳንዶቹ ግን ቀስ ብለው የሚመጡ፣ ከመግደላቸውም አስቀድሞ ብዙ ዓመት የሚታገሡ ናቸው። የሁለተኛው ወገን ደዌ ሰውን በገደለ ጊዜ ጥፋቱ የደዌው ብቻ አይደለም፤ የተሰጠውን ጊዜ ሳይሠራበት ያሳለፈው ሥርዓትም ጭምር ሊመረመር ይገባዋል። ዛሬ ልንጽፍበት የተነሣነው የማሕፀን በር ካንሰር ከዚሁ ከሁለተኛው ወገን ነው። የሰውነቷ መከላከያ ኃይል ባልደከመባት ሴት ዘንድ ደዌው ከተጠነሰሰ በኋላ ካንሰር እስኪሆን ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጃል፤ ኤች.አይ.ቪ. ይዟት ሕክምና ባልጀመረችው ሴት ዘንድ እንኳ ከ5 እስከ 10 ዓመት ይወስዳል። እንግዲህ ይህን ያህል ዘመን የሚታገሥ ጠላት እናቶቻችንንና እኅቶቻችንን እንዴት ሳይታወቅ ይደርስባቸዋል? ሆስፒታል በደረሱስ ጊዜ ምን ይደረግላቸዋል? ይህን በየተራው መመልከት ያስፈልጋል።

ከሁሉ አስቀድሞ ቍጥሩን እንይ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገለጠው በአውሮፓ አቈጣጠር በ2022 ዓ.ም. በዓለም ሁሉ 660,000 ያህል ሴቶች በዚህ በሽታ እንደ ተያዙ ታውቋል፤ በዚያው ዓመት 350,000 ያህል ሴቶች ሞተውበታል። ከሞቱትም ውስጥ ከመቶው 94ቱ ገቢያቸው አነስተኛና መካከለኛ በሆነው አገሮች የሚኖሩ ነበሩ። በአገራችን ደግሞ በአውሮፓ አቈጣጠር ለ2020 ዓ.ም. በተደረገው ግምት በዓመቱ በአዲስ የታመሙት 7,445፣ የሞቱትም 5,338 ናቸው። በሴቶች ላይ ከሚደርሱት የካንሰር ዓይነቶች መካከል ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ሁለተኛው ይህ ነው። አሁን እነዚህን ቍጥሮች አስተያይቶ መመልከት ነው። በዓለም ላይ በአንድ ዓመት የታመሙትና የሞቱት ሲመዛዘኑ ለአሥር ታማሚ አምስት ያህል ሟች ይሆናል፤ በአገራችን ግን ለአሥር ታማሚ ሰባት ሟች ይሆናል። በሽታው በዚህም በዚያም አንድ ነው፤ መድኃኒቱም አንድ ነው። ልዩነቱን ያመጣው ጊዜ ነው። አንዲቱ ሴት በጊዜ ትደርሳለች፣ ሌላይቱ ግን ዘግይታ ትደርሳለች።

የበሽታው መነሻ ሂዩማን ፓፒሎማ የሚባል ቫይረስ መሆኑ ዛሬ በሊቃውንት ዘንድ የተረጋገጠ ነገር ነው። ይህንንም መርምሮ ያስረዳው ጀርመናዊው ሐኪም ሃራልድ ሱር ሃውዘን ስለዚሁ ሥራው በአውሮፓ አቈጣጠር በ2008 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። የቫይረሱ ዓይነት ብዙ ሲሆን 16ኛውና 18ኛው የሚባሉት ሁለቱ ብቻ ከመቶው 70 ያህሉን የማሕፀን በር ካንሰር ያመጣሉ። ቫይረሱ የሚተላለፈው በወንድና በሴት ግንኙነት ነው፤ ነገር ግን ከሰዎች የሚበዙቱ በሕይወታቸው አንድ ጊዜ ሳይነካቸው አይቀርም፤ ከተነኩትም የሚበዙቱን ሰውነታቸው ራሱ በአንድና በሁለት ዓመት ውስጥ ያጠራላቸዋል። ሳይጠራ በሚቀርባቸው ጥቂቶች ላይ ግን በማሕፀን በር ሥጋ ላይ ለውጥ እያደረገ በብዙ ዘመን ካንሰር ይሆናል። ስለዚህ ከባልዋ በቀር ሌላ ወንድ የማታውቅ ሴት በዚህ በሽታ ልትያዝ ትችላለች። በሽታው የምግባር ምስክር ወይም የኃጢአት ማኅተም አለመሆኑን ሕዝብ የሚያስተምሩ ሁሉ አጥብቀው ሊያውቁት የሚገባ ነው፤ ሴቲቱን በቤቷ ከሚደብቋት ነገሮች አንዱ ይህ ሐሜት ነውና።

በሽታው ገና በሚጀምርበት ጊዜ ሕመም የለውም። ምልክት መስጠት ሲጀምር በመጀመሪያ የሚታየው ደም ነው፤ ይኸውም ከባልዋ ጋራ ከተገናኘች በኋላ፣ ወይም ከወር አበባ ወራት ውጭ፣ ወይም የወር አበባዋ ከተቋረጠ ከብዙ ዓመት በኋላ የሚፈስ ደም ነው። ቀጥሎም መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ይመጣል። ወደ ጎን እየሰፋ በሄደ ጊዜ የወገብና የዳሌ ሕመም ይከተላል፤ እግር ያብጣል፤ ከኵላሊት ሽንት የሚያወርደው ቧንቧ ይታነቃል። በመጨረሻም የፊኛው ወይም የአንጀቱ ግድግዳ ተበስቶ ሽንትና ዓይነ ምድር ያለ ፈቃድ ይፈሳል። በሆስፒታሎቻችን ከሚታዩት ታማሚዎች ብዙዎቹ የሚደርሱት ይህ የኋለኛው ምልክት ሲገለጥባቸው ነው፤ ደማቸው ተሟጦ ፊታቸው የገረጣ፣ በሰው ተደግፈው የሚቆሙ ናቸው።

ጊዜው የሚባክንበትን ቦታ ብንመረምር ሦስት ሆኖ እናገኘዋለን። መጀመሪያው ቤት ነው። ሴቲቱ ደም ባየች ጊዜ የዕድሜ ነገር ይመስላታል፤ ወይም አፍራ ለባልዋም ለልጆቿም ሳትነግር ትቀራለች። ሕመም ስለሌለበትም እርሻውና ልጆቹ ይቀድማሉ። ሁለተኛው ቦታ በአቅራቢያዋ ያለው የጤና ጣቢያ ነው። ብዙ ጊዜ ፈሳሹ እንደ ተራ ቍስለት ተቈጥሮ የሚዋጥ መድኃኒት ይሰጣታል፤ ሳይሻላት ተመልሳ ስትመጣም ሌላ መድኃኒት ይታዘዝላታል፤ የማሕፀንዋ በር ግን በመሣሪያ ተከፍቶ ሳይታይ ወራት ያልፋሉ። እንዲህ ያለው ምርመራ የሚጠይቀው አንድ መክፈቻ፣ አንድ መብራትና የሠለጠነ እጅ ብቻ ስለ ሆነ በጎደለው ገንዘብ ልናመካኝ አንችልም። ሦስተኛውም ቦታ ትልቁ ሆስፒታል ራሱ ነው፤ ስለዚህም ከዚህ በታች ለብቻው እንጽፋለን።

ታማሚዋ ሆስፒታል በደረሰች ጊዜ ሐኪሙ በመጀመሪያ ከማሕፀን በር ላይ ትንሽ ሥጋ ቈርጦ ወደ ላቦራቶር ይልካል። የበሽታው ስም የሚቈረጠው በዓይን ብቻ አይደለም፤ የፓቶሎጂ ሐኪም ሥጋውን በማይክሮስኮፕ አይቶ ሲመሰክር ነው። ከዚህ በኋላ በሽታው ምን ያህል እንደ ሄደ ይመረመራል፤ የደሟ መጠን፣ የኵላሊቷ ሁኔታ፣ የሆድዋ የአልትራሳውንድ ወይም የሌላ መሣሪያ ሥዕል ይታያል፤ የኤች.አይ.ቪ. ምርመራም ይደረጋል፤ ኤች.አይ.ቪ. ያለባቸው ሴቶች ከሌሎቹ ይልቅ ስድስት እጥፍ ለዚህ በሽታ የተጋለጡ ናቸውና። በዚህ ሁሉ መሠረት ደረጃው ከአንደኛ እስከ አራተኛ ይወሰናል። አንደኛው ደረጃ በማሕፀን በር ብቻ የተወሰነው ነው፤ ሁለተኛው ከማሕፀን ውጭ መውጣት የጀመረው ነው፤ ሦስተኛው ወደ ዳሌው ግድግዳ ወይም ወደ ታችኛው የብልት ክፍል የደረሰው፣ ወይም የኵላሊቱን ቧንቧ ያነቀው ነው፤ አራተኛውም ወደ ፊኛ፣ ወደ አንጀት ወይም ወደ ሩቅ የሰውነት ክፍል የተሻገረው ነው።

የሕክምናውም ዓይነት በዚሁ ደረጃ ይለያያል። እጅግ ትንሽ ሆኖ የተገኘውን በቀላል ቀዶ ሕክምና ማውጣት ይቻላል፤ ሴቲቱ ገና መውለድ የምትሻ ብትሆን ማሕፀንዋን ሳያጡ ክፉውን ሥጋ ብቻ ቈርጦ ማውጣት የሚቻልበት ጊዜም አለ። ከዚህ ትንሽ የገፋውን ደግሞ ማሕፀኑን ከዙሪያው ሥጋ ጋራ በሰፊው በማውጣት ያክሙታል፤ ይህ ቀዶ ሕክምና በቪየና ከተማ በኤርንስት ቬርትሃይም እጅ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1898 ዓ.ም. ከተጀመረ ጀምሮ እየተሻሻለ የመጣ ነው። በሽታው ከዚህ ካለፈ ግን ቢላዋ አይደርስበትም፤ የሚታከመው በጨረር ነው። ጨረሩ በሳምንት አምስት ቀን ለአምስት ሳምንት ያህል ከውጭ ይሰጣል፤ ቀጥሎም የጨረር ምንጭ በማሕፀን ውስጥ ገብቶ ከውስጥ ይሰጣል። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1999 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር የተገለጡት አምስት ምርመራዎች ሲስፕላቲን የሚባለው መድኃኒት በየሳምንቱ ከጨረሩ ጋራ አብሮ ቢሰጥ ብዙ ሴቶችን ከሞት እንደሚያድን ስላስረዱ፣ ዛሬ በዓለም ሁሉ ሁለቱ አብረው ይሰጣሉ። ሕክምናው በሙሉ በስምንት ሳምንት ውስጥ እንዲያልቅ ሐኪሞች ይመክራሉ፤ ከዚያ በዘገየ መጠን ፍሬው ይቀንሳልና። በሽታው ወደ ሩቅ ክፍል ከተሻገረ በኋላ ግን የሚሰጠው ሕክምና ዕድሜን ለማራዘምና ሕመምን ለማቅለል ነው።

በዚህ ላይ ጊዜ ምን ያህል እንደሚከብድ የአሜሪካን አገር ቍጥር ይመሰክራል። በሽታው ከማሕፀን በር ሳይወጣ ከተገኘባቸው ሴቶች ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ይኖራሉ፤ ወደ ሩቅ ክፍል ከተሻገረ በኋላ ከተገኘባቸው ግን ከአምስቱ አንዷ ያህል ብቻ አምስት ዓመት ትደርሳለች። የሐኪሞቹ ዕውቀትና የሆስፒታሎቹ ሀብት አንድ ሆኖ ሳለ ይህን ያህል ልዩነት ያመጣው የመድረሻው ቀን ብቻ ነው።

አሁን ወደ ሦስተኛው ቦታ እንመለስ። ከአንድ መቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ባለበት አገራችን የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት ሲሰጥ የነበረው አዲስ አበባ በሚገኘው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። በአውሮፓ አቈጣጠር ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም. በዚያ የታከሙ 1,059 የማሕፀን በር ካንሰር ታማሚዎች ታሪክ ተመርምሮ በ2014 ዓ.ም. በታተመ ጊዜ፣ ለጨረሩ ተራ የተጠበቀው ጊዜ በመካከለኛ ልኩ ወደ አራት ወር የቀረበ እንደ ነበረ ታውቋል፤ በብዙዎቹም ላይ በሽታው በመጠባበቂያው ጊዜ ወደ ላይኛው ደረጃ አልፎ ተገኝቷል። ይህ ነገር በጥሞና ሊታሰብበት ይገባል። በሁለተኛው ደረጃ ላይ ሳለች ስሟ በመዝገብ የተጻፈ ሴት፣ ተራዋ ሲደርስ በሦስተኛው ደረጃ ላይ ሆና ትገኛለች። ከዚህም የሚከፋው ይህ ነው፤ የኵላሊቷ ቧንቧ በመካከሉ ከታነቀና ኵላሊቷ ከደከመ፣ ሲስፕላቲን ኵላሊትን የሚጎዳ መድኃኒት ስለ ሆነ ሊሰጣት አይቻልም። እንግዲህ መዘግየት ያራቀው ፈውሱን ብቻ አይደለም፤ ለፈውሱ የተዘጋጀውንም መድኃኒት ከእጅዋ ይነጥቃታል።

ከገጠር የመጣችውም ሴት ሌላ ችግር አለባት። ጨረሩ በየቀኑ ስለሚሰጥ ከአምስት ሳምንት የማያንስ ጊዜ በከተማ መቀመጥ አለባት፤ በዚያ ላይ የሚያስታምማት ሰው አብሮ መቀመጥ አለበት። የቤት ኪራይና ቀለብ የሕክምናውን ዋጋ የሚበልጥበት ጊዜ ብዙ ነው። ማቲዎስ ወንዱ የካንሰር ሶሳይቲን የመሳሰሉ የበጎ አድራጎት ማኅበሮች ከሩቅ ለመጡ ታማሚዎች ማረፊያ ማዘጋጀታቸው የሚመሰገን ሥራ ነው፤ ነገር ግን የማኅበር አልጋ የተወሰነ ስለ ሆነ የአንድ ሰፊ አገር ጭነት በእርሱ ላይ ሊጣል አይገባም። መንግሥትም ይህን ተመልክቶ በጅማ፣ በጎንደር፣ በመቀሌ፣ በሐዋሳና በሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች የጨረር ሕክምና እንዲቋቋም አቅዷል፤ ከነዚህም የጅማው ሥራ መጀመሩ ለምዕራቡ ሕዝብ ትልቅ እፎይታ ነው። መሣሪያው ግን በመተከሉ ብቻ አያክምም፤ የማይቋረጥ መብራት፣ የፊዚክስ ባለሙያ፣ መለዋወጫ ዕቃና በውል የታሰረ ጠጋኝ ያስፈልገዋል። ይህ ሁሉ በበጀት ላይ ከመሣሪያው ዋጋ ጋራ አብሮ ካልተጻፈ ሕንፃው ቆሞ ታማሚው በደጅ ይቀራል።

በዚህ ጊዜ አንዳንዶች የሚያነሡት ጥያቄ አለ። ይኸውም፣ «ገንዘባችን ትንሽ ነውና መሣሪያ በመግዛት ብንጀምር ይሻላል ወይስ ሳይታመሙ በመመርመር?» የሚል ነው። ሁለቱ ተለያይተው የሚታሰቡ ቢሆኑ ጥያቄው ከባድ በሆነ ነበር፤ ነገር ግን የተያያዙ ናቸው። በአንደኛው ደረጃ የተገኘች ሴት በቀዶ ሕክምና ብቻ ልትድን ስለምትችል ወደ ጨረሩ ተራ አትገባም። ካንሰር ከመሆኑ በፊት የተገኘባት ሴትማ በአንድ ቀን ታክማ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ስለዚህ አስቀድሞ መመርመር የራሷን የተመርማሪዋን ነፍስ ከማዳኑም በላይ የጨረሩን ሰልፍ ያሳጥራል፤ በሰልፉ ላይ ያለችውም ሌላይቱ ሴት ቶሎ ትደርሳለች። በአንጻሩም ምርመራ ተደርጎ ካንሰር የተገኘባትን ሴት የሚያክም ሆስፒታል ከሌለ ምርመራው የሞት ፍርድ ከማሰማት በቀር ጥቅም የለውም። የዓለም ጤና ድርጅትም በአውሮፓ አቈጣጠር በ2020 ዓ.ም. ያወጣው ዕቅድ ይህንኑ ያዘለ ነው፤ በ2030 ዓ.ም. ከመቶው 90ው ልጃገረዶች እስከ 15 ዓመታቸው እንዲከተቡ፣ ከመቶው 70ው ሴቶች በ35ና በ45 ዓመታቸው እንዲመረመሩ፣ በሽታው ከተገኘባቸውም ከመቶው 90ው እንዲታከሙ ይጠይቃል።

ምርመራው ቀላል መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። በአገራችን የተለመደው አሠራር ሆምጣጤን የመሰለ ለዘብ ያለ አሲድ በማሕፀን በር ላይ ቀብቶ አንድ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ማየት ነው፤ የተለወጠ ሥጋ ካለ ነጭ ሆኖ ይታያል። ያን ጊዜም በብርድ በማቀዝቀዝ ወይም በሙቀት በማቃጠል በዚያው ቀን ይታከማል። ቫይረሱን ራሱን የሚፈልገው አዲሱ ምርመራ ከዚህ የበለጠ አስተማማኝ ስለ ሆነ በአገራችንም እየገባ ነው። በአገራችን ደንብ መሠረት ከ30 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶች እንዲመረመሩ ይመከራል፤ ኤች.አይ.ቪ. ያለባቸው ደግሞ ቶሎ ቶሎ ሊመረመሩ ይገባቸዋል። ደም እስኪታይ የምትጠብቅ ሴት ይህን ቀላል በር አልፋ ወደ ከባዱ በር ትሄዳለች።

ክትባቱንም በሚመለከት፣ በአገራችን በ2011 ዓ.ም. የ14 ዓመት ልጃገረዶችን በመከተብ ተጀምሯል፤ በኅዳር 2017 ዓ.ም. ደግሞ ከ9 እስከ 14 ዓመት ያሉትን ከ7 ሚሊዮን በላይ ልጃገረዶች በአንድ መርፌ ብቻ ለመከተብ ዘመቻ ተደርጓል። ክትባቱ ያመክናል የሚለው ወሬ ግን በየአገሩ ስለሚነዛ በዝምታ ሊታለፍ አይገባም። ሩዋንዳ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2011 ዓ.ም. ጀምራ ከመቶው ከ90 በላይ ልጃገረዶችዋን ከትባለች። በስኮትላንድም በ12ና በ13 ዓመታቸው ከተከተቡት ሴቶች መካከል አንዲት እንኳ በዚህ ካንሰር እንዳልተያዘች በአውሮፓ አቈጣጠር በ2024 ዓ.ም. ተገልጧል። ነገር ግን ክትባቱ አስቀድሞ በቫይረሱ የተያዘችውን አያድናትም፤ ስለዚህ የዛሬዋ እናት የሚያስፈልጋት ምርመራው ነው። በልጅቱ መከተብ የእናቲቱ መመርመር ሊረሳ አይገባም።

እንግዲህ ከሹማምንቱ የሚጠበቀው ግልጥ ነው። በየወረዳው ያለ የጤና ኃላፊ ያለ ጊዜው ደም ፈሰሰኝ ብላ የመጣች ሴት ሳትታይ መድኃኒት ተሰጥቷት እንዳትመለስ በብርቱ ያስጠንቅቅ። ከጤና ጣቢያው ወደ ሆስፒታል የተላከችው ሴት መድረስ አለመድረሷ በመዝገብ ይጠየቅ፤ የላኪው ሥራ ደብዳቤ በመጻፍ አያልቅምና። የሥጋው ምርመራ ውጤት በምን ያህል ቀን እንደሚመለስ፣ የጨረሩም ተራ ስንት ሳምንት እንደ ሆነ በየወሩ ተቈጥሮ ለበላይ ይቅረብ። የማይቈጠር መዘግየት ተጠያቂ የለውም። ፈውስ ያለፈባትም ሴት ቢሆን ሕመሟን የሚያስታግሥ ሞርፊን በአቅራቢያዋ ባለው ሆስፒታል ልታገኝ ይገባታል፤ የማይድን ሰው የማይታከም ሰው አይደለም።

ስለ ካህናቱ ደግሞ ጥቂት ቃል እንጨምር። ደም የሚፈሳት ሴት ወደ ቤተ መቅደስ ሳትገባ ከውጭ መቆሟ በቤተ ክርስቲያናችን የቆየ ሥርዓት ነው። ስለዚህ ሐኪም ሳያውቅ፣ ባልዋም ሳይጠይቅ፣ አስቀድሞ ሊያስተውል የሚችለው የነፍስ አባቷ ነው። የወር አበባዋ ከቆመ ዓመታት ያለፋት እናት እንደገና ከውጭ መቆም ብትጀምር፣ ወይም አንዲት ሴት ወራት ሙሉ ከቍርባን ብትርቅ፣ ምክንያቱን በርኅራኄ ጠይቆ ወደ ሐኪም መላክ የአባትነት ሥራ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ደም ሲፈሳት የኖረችውን፣ ገንዘቧንም ለባለ መድኃኒቶች የጨረሰችውን ሴት ታሪክ ወንጌል ለሚያነብ ካህን ማስረዳት አያሻም፤ በዚያ ታሪክ ውስጥ ሴቲቱ በፍርሃት ተሠውራ ስትቀርብ አልተነቀፈችም። ጠበልን በሚመለከትም፣ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች.አይ.ቪ. ታማሚዎች ጠበሉንና መድኃኒቱን አብረው እንዲወስዱ ማስተማራቸው የሚታወስ ነው። ሐኪምን ስለ ማክበር የሚናገረው የሲራክ መጽሐፍ 38ኛው ምዕራፍም በእጃችን አለ። ይህንኑ ምክር ለዚህ በሽታ ማዋል አዲስ ትምህርት ማምጣት አይደለም።

ይህ በሽታ ከ15 ዓመት በላይ ይታገሣል፤ ለመታከም የሚቀረው ጊዜ ግን በወራት የሚቈጠር ነው። ዛሬ በጤና ጣቢያ ደጅ ቆማ ነገሯን ለመናገር የምታፍር ሴት አለች፤ በሆስፒታልም ተራዋን የምትጠብቅ ሌላ አለች። ለመጀመሪያይቱ የሚያስፈልገው የሚያያት ሰው፣ ለሁለተኛይቱም የሚጠራት ቀን ነው፤ ሁለቱም ከኃላፊዎችና ከአባቶች እጅ የማይወጡ ነገሮች ስለ ሆኑ ሥራው ሳይውል ሳያድር እንዲጀመር እናሳስባለን።